ነሐስ የሚያፈስ አማች

ላገባት ያሰብኳት ልጅ አባት እዚህ ካናዳ፣ ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር ቤታቸው አስቀምጠው ዘሬን እስከ ሰባት ቤት አስቆጠሩኝ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ስም ስለጠፋኝ ከራሴ ፈጠርኩ። እሱን አመኑ። ቀጥለው "ዊክኤንድ ምን ትሠራለህ?" ሲሉኝ እኔ ጅሉ እውነቱን ተናገርኩ።

"ኖርዝ ዮርክ ኮርስ ጀምሬያለሁ ጋሼ። የጥንት ቻይናዎች የነሐስ ዕቃ እንዴት ይሠሩ እንደነበር።"

"ታቀልጣለህ?"

"አዎ።"

ፊታቸው ጠቆረ። "ልጄን ለቀጥቃጭ አልሰጥም" አሉ። ዲግሪዬን ብጠራ፣ የቢሮ ሥራዬን ብጠራ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። በመጨረሻ "ቅዳሜ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ" ብለው ሸኙኝ። ልጅቷ ያለ አባቷ ምርቃት አላገባም ስላለች ትዳሬ ኮርሱ ላይ በምሠራት አንዲት የነሐስ ድስት ላይ ተንጠለጠለ።

መምህራችን ቀልድ የማይወዱ ቻይናዊ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ባለ ሦስት እግር ድስት በጭቃ አሠሩን። በላይዋ ሌላ ጭቃ ለጥፈን፣ ሽፋኑን በቢላ ከፋፍለን አነሳነው። ከዚያ ያቺን ስንት ቀን የተጨነቅኩባትን ድስት "ዙሪያዋን ፋቃት" አሉኝ፤ ለካ ነሐሱ የሚገባው በተፋቀችው ድስትና በሽፋኑ መካከል በሚቀረው ክፍተት ውስጥ ነው። ፋቅኩ። ሰምና ወርቅ ስማር ያደግኩ ሰው ነኝና "ሰሙስ?" ብዬ ጠየቅኩ። "ሰም የለም" አሉ። ወርቅም አልነበረም።

ቅዳሜ ጋሼ ሙሉ ሱፍ ለብሰው መጡ። ሽፋኖቹ ተመልሰው ተገጣጥመው፣ ድስቷ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ ትጠብቃለች። መምህሩ የቀለጠውን ነሐስ ሊያነሱ ሲሉ ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩና በእጃቸው አስቆሟቸው።

"ነሐሱ በአንዱ እግር ሲገባ አየሩ በየት ይወጣል?" አሉኝ።

የሌላኛውን እግር ቀዳዳ ስንጥቅ መስላኝ ራሴ በጭቃ ደፍኛት ነበር። ጥያቄያቸውን ለመምህሩ ተረጎምኩላቸው። መምህሩ ቀዳዳዋን እየከፈቱ "ሙያውን የት ተማሩ?" ብለው ጋሼን ጠየቋቸው። ሃያ ዓመት ካናዳ የኖሩት ሰውዬ እንግሊዝኛው እንዳልገባቸው ሆኑ።

ነሐሱ በሰላም ፈሰሰ። መኪናቸው ውስጥ ገብተን ቁልፉን ሰኩ።

"አባቴ ቀጥቃጭ ነበር" አሉ።

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን አሳዘኑኝ።

"ታዲያ እኔን ሰባት ቤት ያስቆጠሩኝ ለምንድን ነው ጋሼ?"

"ሰው ዘሬን ሳይጠይቀኝ እኔ ቀድሜ ብጠይቅ ይሻላል። ልጄ አታውቅም። እናቷም ሠላሳ ዓመት አብራኝ ስትኖር አልነገርኳትም።" ቁልፉን አዞሩ። "አንተም እንዳትነግር። እሁድ ሽማግሌ ላክ።"