ቁጭ ብሎ መዝለል

መካኒሳ አቦ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ሕፃናትን ቁጭ አድርጌ ዝላይ አስተምሬያለሁ። ቀልዴን አይደለም። የስፖርት መምህር ነኝ። ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ማርከር ይዤ፣ ሰው በአንድ እግሩ እንዴት እንደሚዘል በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖርኩ፤ በየወሩም ደመወዝ በላሁበት።

ስቀጠር ሜዳ ነበረን። ትንሽ ናት፤ ኳስ ጠንከር ተደርጎ ከተመታ አጥር ያልፋል፤ ቢሆንም ሜዳ ናት። በተቀጠርኩ በጥቂት ወሩ ግማሿ ላይ አዲስ ፎቅ ተጀመረ፤ ቀሪው ንጣፍ ተነጠፈበትና የወላጆች መኪና ማቆሚያ ሆነ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ሴትዮ ቢሮዋ ጠርታ “ከእንግዲህ ስፖርት ክፍል ውስጥ ነው፤ ቲዎሪው ላይ አተኩር” አለችኝ። ፊት ለፊት አንቱ፣ ከኋላ እሷ ነበር የምላት፤ ወኔዬ እዚያ ድረስ ብቻ ነው። “እሺ፣ እንዳሉ” ብዬ ወጣሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ግን ኩበቱን ለቅሜ ልጆቹ ደብተር ላይ አስለጠፍኩት።

እንግሊዞች ለዝላይ ቃል አይሰስቱም። በአንድ እግር ተነስተህ በዚያው እግር ካረፍክ ሆፕ ነው። በሁለት እግር ከሆነ ጃምፕ። ከአንዱ እግር ተነስተህ ራቅ ብለህ በሌላው ካረፍክ ሊፕ። ረገጥ፣ እንጣጥ፣ ረገጥ፣ እንጣጥ እያልክ ከሄድክ ስኪፕ። አንዱን እግር ሁሌ አስቀድመህ እንደ ፈረስ ከጋለብክ ጋሎፕ፤ ወደ ጎን ከተንሸራተትክ ስላይድ። ቃላቱ ምንም አልበደሉኝም። ሜዳ ላይ ቢሆን ልጆቹ ስድስቱንም በአንድ ጠዋት ጨርሰው ውኃ ለመጠጣት ይሮጡ ነበር። እኛ ሁለት ወር ፈጀንባቸው። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው “ሆፒንግ ኢዝ” እያሉ በዜማ ይደግማሉ። አንድ ቀን አንዱ ከወንበሩ ተነስቶ እንጣጥ ቢል “ዝላይ እየተማርን አትዝለል!” ብዬ ጮህኩበት። ከአርባ ልጅ አንድ እንኳ አልሳቀም።

ወላጆቹ ደግሞ ይብሳሉ። በወላጆች ቀን አንድ የጎፋ ሰፈር አባት ስልኩን ደግኖ ልጁን ሲቀርጽ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ልጁ መድረክ ላይ ሆኖ ስድስቱንም የዝላይ ዓይነቶች ከነትርጉማቸው ሳይሳሳት አነበነበ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ልጁ ሊወርድ ሲል ግን የመድረኩን አንዲት ደረጃ ፈርቶ፣ አባቱ መጥቶ እስኪያቅፈው ድረስ ጫፉ ላይ ቆመ። አባትየው ልጁን እንደታቀፈ ወደ እኔ ዞሮ “ቲቸር፣ እኛ እኮ ቤት ውስጥ አማርኛ ከልክለነዋል” አለኝ፤ ፊቱ በኩራት ወዝቷል። “ጎበዝ ናችሁ” አልኩት።

በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። አባቷ የበሩ ጥበቃ ነው፤ ከወላይታ ሶዶ የመጣ ዝምተኛ ሰው። ከዚህ የሚሻል ሥራ ነበረው። እሱን ትቶ የእኛን በር የያዘው ልጁ በነጻ እንድትማር ስለተፈቀደለት ብቻ ነው። የተፈቀደለትም በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ልጅቷ በየትኛውም ትምህርት መውደቅ የለባትም። ከወደቀች ትወጣለች።

ይህች ልጅ ከትምህርት በኋላ የአባቷን መውጫ ሰዓት ስትጠብቅ፣ መኪናዎቹ ለቀው በሄዱት ንጣፍ ላይ ሰኞ ማክሰኞ አስምራ ብቻዋን ትጫወታለች። እኔ ደግሞ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆሜ አያታለሁ። ስንት ዓመት አስተምሬ እንደሷ የሚዘል ልጅ አላየሁም። መስመር አትረግጥም። በአንድ እግሯ ቆማ ጠጠሯን ጎንበስ ብላ ስታነሳ ጉልበቷ አይንቀጠቀጥም። ስታርፍ ኮቴዋ አይሰማም። ደስ ትለኝ ነበር፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ደስ ያለኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ሰኔ ላይ የዓመቱ ፈተና መጣ። ልጅቷ ሒሳቡንም፣ ሳይንሱንም፣ እንግሊዝኛውንም እንደምንም አለፈች። የወደቀችው በስፖርት ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወረቀቷን ሳርም፣ “ሆፒንግ ምንድን ነው?” ከሚለው የእንግሊዝኛ ጥያቄ ሥር ባለው ባዶ መስመር ላይ አንድ እግሯን ያነሳች ትንሽ ልጅ ሥላ አገኘኋት። ሥዕሉ ልክ ነበር፤ ክንዶቿን እንኳ በትክክለኛው ቦታ ነው ያደረገቻቸው። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግኩበት። ወረቀቱን ሴትዮዋ አንድ በአንድ ታያለቻ!

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ጠዋት ቢሮዋ ሄድኩ።

“ልጅቷ እኮ ከሁሉም ልጆች በላይ ትዘላለች” አልኳት።

“እኔ ሰርከስ አልከፈትኩም። ትርጉሙን ታውቀዋለች ወይ?”

“በቃል ትፈተን። አንድ ዕድል ይስጧት።”

“እሺ፣ ነገ ጠዋት አምጣት። እኔው ራሴ እጠይቃታለሁ።”

ያን ቀን ከሰዓት የጥበቃው ጎጆ ውስጥ አስቀምጬ ትርጉሙን አስጠናኋት። አባቷ በር በከፈተ ቁጥር ዞር ብሎ ያየናል። ለመሄድ ስነሳ ያለ ስህተት ትለው ነበር።

በማግስቱ የታጠበ ዩኒፎርም ለብሳ፣ ጸጉሯን ተጎንጉና መጣች። ቢሮው ምንጣፍ አለው። ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ፣ የፈተናዬን የመልስ ወረቀት ይዛ፣ ከፈረንጅ የተዋሰችው በሚመስል ድምፅ “ኋት ኢዝ ሆፒንግ?” አለቻት። ልጅቷ አፏን ከፈተች። ቃሉ አልመጣም። ወደ እኔ አየች። ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየኋት አላውቅም። ከዚያ ግራ እግሯን አነሳች።

ከበሩ እስከ ፋይል መደርደሪያው፣ በአንድ እግሯ፣ ስድስት ጊዜ። መደርደሪያው ጋ ስትደርስ አየር ላይ ዞረች፤ በዚያው እግር አረፈች፤ ስድስት ጊዜ ዘላ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ስኒ እንኳ ድምፅ አላሰማም። እዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈው ትርጉም አንድም ሳይጎድል ዓይናችን ስር ተሠራ። ፊቴ ስትደርስ ቆመች፤ እግሯን ግን አላወረደችም። እኔ በቃ እስክላት ትጠብቃለች።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። “መለሰች?” አለችኝ።

መልሳለች። ከእሷ የተሻለ የመለሰ ልጅ በሕይወቴ አላጋጠመኝም። ነገር ግን መልሳለች ካልኩ፣ ስድስት ዓመት ደብተር ላይ ያስጻፍኩት ምንድን ነው? ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤትስ የስፖርት መምህር ምን ያደርግለታል? ውሌ የሚታደሰው በዚያው ሳምንት ነበር። ይህን ሁሉ ለማሰብ ረጅም ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ፈሪ ሰው ቶሎ ነው የሚያስበው።

“አልመለሰችም” አልኩ።

ልጅቷ እግሯን አወረደች። ወደ በሩ የሄደችው እንደ ማንኛውም ሰው እየተራመደች ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። መስከረም ላይ ንፋስ ስልክ ከሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባች። ሰፊ ሜዳ አለው፤ እንዲያውም ለእሷ ይሻላታል እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬ ነበር። ለማጽናኛ እንኳ የረባ ውሸት አላገኘሁም።

ከሁሉም የሚመላለስብኝ ግን ልጅቷ ቢሮው ውስጥ በተጠየቀች ማግስት ያለው ጠዋት ነው። በሌላ በር እንዳልገባ ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ በር ብቻ ነው። ጥበቃው ከሩቅ ሲያየኝ በሩን ከፈተ፤ ኮፍያውን አወለቀና እጄን በሁለት እጁ ያዘው።

“ቲቸር፣ ሴትዮዋ ነገሩኝ፤ ብዙ ለምነህላት ነበር አሉ። ልጄንም ጠየቅኋት፤ ‘ቲቸር አስጠንቶኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የረሳሁት’ አለችኝ። ጌታ ይባርክህ።”

“አሜን” ብዬው ገባሁ።