ሰክሯል የተባልኩበት ሠርግ

አሁን የምኖረው ሰመራ ነው፣ ከልጄ ጋር። እኔ ወደ አዋሽ ሸለቆ በወረድኩበት ዘመን ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም፤ ሜዳና ነፋስ ብቻ ነበር። ያኔ ሰው የሚጎርፈው ወደ ጥጥ እርሻዎቹ ነው። እኔም ገና ጎረምሳ ሳለሁ ከአዋሽ ከተማ በታች ባለ አንድ እርሻ ተቀጥሬ የትራክተር መለዋወጫ የሚቀመጥበትን መጋዘን እጠብቅ ነበር። ባለቤቴ እዚያው የሠራተኛ ልጆችን ታስተምር ነበር።

ስኳር በሽታዬን ይዤው ነው የወረድኩት። ሽማግሌ ልኬ ሳስጠይቃት እንኳ አልደበቅኩም። ሽማግሌዎቹ "ልጁ ጨዋ ነው፣ ስኳር ብቻ አለበት" ቢሏቸው፣ አባቷ ትንሽ አሰብ አድርገው "እንግዲያ ሻይ ስንጋብዘው አንከስርም" አሉ ይባላል። ከተጋባን በኋላ የአዲስ አበባው ሐኪሜ ሁለታችንንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ስለ በሽታው ብዙ ነገር አስረዳን። እኔ የሰማሁት "ሳትበላ መርፌ ከወጋህ ስኳርህ ወርዶ ትወድቃለህ" ያለውን ነው። እሷ ግን የተረፈውንም ሁሉ ሰምታ ኖሯል።

አዋሽ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሆቴል የከፈቱ አንድ የወሎ ሙስሊም ነበሩ፤ ከተማ በወጣሁ ቁጥር እሳቸው ዘንድ ሳላርፍ አልመለስም። የመጀመሪያ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ሲሆን እኔና ባለቤቴን ከዘመድ ቆጥረው ጠሩን። ባለቤቴ አራስ እህቷን ልትጠይቅ ናዝሬት ሄዳ ስለነበር፣ በሠርጉ ዕለት በባቡር እንድትመለስና ጣቢያ ተገናኝተን አብረን ወደ ዳሱ እንድንገባ ተቀጣጠርን።

ለሠርጉ ብዬ አዲስ ጫማ ገዝቼ ነበር። ለማላመድ መጋዘን ውስጥ ሳደርገው ተረከዜን ላጠኝ። ምን አለበት ብዬ ተውኩት፤ አበጠ፣ መግልም ያዘ። ከዚያ የውሃ ጥም መጣ። በአዋሽ ሙቀት ደግሞ ያልጠማው ማን ነው? ሁሉም ይጠጣል፣ እኔም እጠጣለሁ። ገንቦ አጋምሼ ዞር ሳልል እንደገና ጉሮሮዬ ይደርቃል። ሽንቴም ፋታ አልሰጠኝ አለ። ቀጥሎ ማስመለስ ጀመረኝ፤ የምግብ ሽታ አስጠላኝ። የሥራ ባልደረቦቼ "ወባ ነው" አሉና የወባ ክኒን ሰጡኝ። ወባ ለዚያ አገር እንግዳ አይደለምና እኔም አመንኩ። ምንም ስላልበላሁ ኢንሱሊኑን ተውኩት። ስኳሬ ይወርድብኛል ብዬ ነው የፈራሁት፤ ወደ ላይ እየሄደ ይሆናል ብዬ አንዴም አላሰብኩም።

በሠርጉ ዕለት ጥጥ በጫነ መኪና ተሳፍሬ ከተማ ገባሁ። ባቡሩ ገና ስለነበር ውሃ ፍለጋ ወደ ዳሱ ቀደም ብዬ ጎራ አልኩ። ዳሱ በሰው ሞልቷል፣ ድቤው ይመታል፣ ለክርስቲያኑ እንግዳ ለብቻ በግ ታርዶ ወጡ ይንተከተካል። እኔ የጠየቅኩት ውሃ ብቻ ነው። ባለ ሆቴሉ የሙሽሪት አባት በማንቆርቆሪያ እየቀዱልኝ፣ "አንተ ሰው፣ አዋሽን ብቻህን ልትጨርሰው ነው እንዴ?" ብለው ሳቁ። ብድግ ስል ተንገዳገድኩና አንድ ሽማግሌ ላይ ልወድቅ ደረስኩ።

ሽማግሌው አፍንጫቸውን ሸፈን አድርገው፣ "ሱብሃነላህ! ይሄ ሰው ጠጥቶ ነው የመጣው?" አሉ።

"ወላሂ ይሄ ልጅ ጠላ እንኳ አይቀምስም!" ብለው ተከራከሩልኝ የሙሽሪት አባት። ፊታቸው ላይ ግን ጥርጣሬ አየሁ። አፍሬ ወጣሁና ባቡሩን ልጠብቅ ወደ ጣቢያው ተጎተትኩ።

ባቡሩ ገባ። ባለቤቴ በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው ለእኔ ከናዝሬት የገዛችው የኢንሱሊን ብልቃጥና በረዶ ያለበት ፔርሙስ ይዛ እየሳቀች ወረደች። አንዱን ጉንጬን ሳመችኝ፣ ሌላውን ሳመችኝ፣ ወደ ሦስተኛው ስትመጣ ቆም አለች።

"ምን ጠጥተህ ነው?"

"አንቺም? ውሃ ነው የጠጣሁት።"

እንደገና ተጠግታ አሸተተችኝ። "ይሄ የመጠጥ ሽታ አይደለም። አልፎበት የፈረሰ ሙዝ ነው የምትሸተው።" ከዚያ ደረቴን ታይ ጀመር። ከየትም አልሮጥኩም፤ ትንፋሼ ግን ሮጦ እንደመጣ ሰው በጥልቀት ቶሎ ቶሎ ይወጣ ይገባ ነበር።

"መርፌህን መቼ ነው የወጋኸው?"

"ምንም የማይቀመጥልኝ ሰው ምን ብዬ እወጋለሁ? ወባ ነው የያዘኝ። ትንሽ ጋደም ልበል…"

"ጋደም የምትለው ክሊኒክ ደርሰህ ነው" አለች። ሻንጣዋን እዚያው ባቡር ጣቢያው ላይ ጥላ፣ ፔርሙሷን እንደያዘች በብብቴ ገብታ ወደ ዳሱ መራችኝ። እኔ የማስታውሰው የእጇን ጥንካሬ ነው። የሙሽሪትን አባት ጠርታ፣ "ጋሼ፣ ባለቤቴ አልሰከረም፤ ስኳሩ ደሙን እየመረዘው ነው። መኪና ይፈልጉልኝ" አለቻቸው።

ደጅ የቆመ መኪና አንድ ብቻ ነበር፤ በሪባንና በአበባ ያጌጠው የሙሽሮቹ ጂፕ። እሳቸው አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ጂፑን አዩና "ያ አላህ! ሙሽራ ይጠብቃል፣ ነፍስ አትጠብቅም። ውሰዱት!" ብለው ጮኹ።

ከዚያ የሆነውን ባለቤቴ ስትናገረው እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ሾፌሩ መንገድ እንዲለቀቅለት ጥሩምባውን ያለማቋረጥ ይነፋዋል። መንገደኛው ያጌጠውን ጂፕ ሲያይ ሙሽሮቹ መጡ ብሎ እልል ይላል። አንዲት ሴት ሮጣ መጥታ በመስኮቱ አበባ ጣለችብን። እኔ ባለቤቴ ትከሻ ላይ ተንጋልያለሁ፤ "አትተኛ፣ ሰርገኛ አይተኛም!" እያለች ጉንጬን ትመታኛለች። አንዷን ሴት ሁለት ጊዜ አግብቻለሁ የምለው ለዚህ ነው።

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሙ ሽንቴን ከሰማያዊ ፈሳሽ ጋር በብርጭቆ ቱቦ አድርጎ እሳት ላይ አሞቀው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ የሸክላ ጡብ መሰለ፤ ስኳሬ ጣራ ነክቷል ማለት ነው። ሐኪሙ ፊቱ ተለወጠ። ለደከመው ሰው ሁሉ የሚሰቀለውን ግሉኮስ ሳይሆን የጨው ውሃ በክንዴ ሰቀለልኝ፤ ባለቤቴ ካመጣችው ኢንሱሊን ወጋኝ፤ ተረከዜንም ከፍቶ አጠበው። እንደዚህ እያደረገ እስኪመሽ ከአጠገቤ አልራቀም።

ነጋ። ዓይኔን ስገልጥ ጥሙ የለም። ርቦኛል! ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም ምሳ ሲቀርብልኝ አስታውሰዋለሁ። ሐኪሙ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"ሳትበላም ቢሆን ሰውነት ሲታመም ስኳር ይጨምራል" አለኝ። "ቁስልህ ነው የጀመረው። ኢንሱሊን ስታቆም ደግሞ ሰውነትህ ስቡን ማንደድ ያዘ፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ነው ያስመለሰህ፣ የሸተተውም እሱ ነው። ሲያምህ ወደ እኛ ና፤ መጠኑን እኛ እንነግርሃለን። በራስህ ግን አታቁም።"

ወደ ባለቤቴ ዞረ። "አንቺ ደግሞ በርቺ። የማይረካ ጥም፣ ማስመለስ፣ እንዲህ ያለ ሽታና ትንፋሽ፣ ድንዝዝ ማለት… ካየሽ ለነገ አታሳድሪ። ሌሊቱን ተኝቶ ቢሆን ኖሮ መንቃቱን እጠራጠር ነበር።"

እሷ እስከዚያች ደቂቃ አላለቀሰችም። ያን ጊዜ ግን በነጠላዋ ተሸፍና አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ እኔን አየችና ሳቀች።

በዚያው ረፋድ ሙሽሮቹ ሚዜዎቻቸውን አስከትለው ሊጠይቁኝ መጡ። ሙሽራው "በእግር ሄጄ ሙሽራዬን ያመጣሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም" ብሎ ሲያወራ ሙሽሪት በሻሿ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ከኋላቸው ሰክሯል ያሉኝ ሽማግሌ ገቡ። ዱዓ አደረጉልኝና "ልጄ፣ አፉ በለኝ። እኔም ይኸው ስልሳ ዓመት አፍንጫዬን ሳምነው ኖርኩ" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ አስታማሚዋ ነርስ ሳይቀር።

ከክሊኒኩ ስወጣ የሙሽሪት አባት በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። "ሠርጌን ሳትበላ አትሄዳትም" አሉ። ዳሱ ገና አልፈረሰም። መርፌዬን ወጋሁ፣ ሐኪሙ የፈቀደልኝን ያህል በላሁ። እግሬ በፋሻ እንደተጠቀለለ ዱካ ላይ አስቀመጡኝ። ድቤው ሲጀምር ባለቤቴ ከወሎ ሴቶች መሃል ገብታ፣ የማታውቀውን ዘፈን እየተቀበለች፣ ላብ በላብ እስክትሆን ጨፈረች። እኔም ከተቀመጥኩበት አጨበጨብኩላት።