ለትከሻ የሚሆን ቦታ

በአንድ ስብሰባ ላይ ተናገርህ የተባልሁትን ነገር ተናግሬው እንደሆነ ዛሬም በእርግጠኝነት አላስታውስም። የያዙኝ ከራጉኤል በታች፣ ደብተር ልገዛ በቆምሁበት ሱቅ በር ላይ ነው። የታሰርሁበት ክፍል ግን ዐይኔ ላይ አለ፤ ረጅም፣ ጠባብ፣ ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ የብሎኬት ግድግዳ። በሩ ሲከፈት የላብና የበርበሬ ሽታ ተቀበለኝ። በርበሬው ከጀርባ ካለው ወፍጮ ቤት ነበር።

አሥራ ስምንት ነበርን እላለሁ፤ ሃያ አንድ ነበራችሁ የሚለኝም አለ። የመኝታውን ሕግ ያወጣው ካቦው፣ ማለትም የክፍሉ አለቃችን ነው፤ አውቶቡስ ተራ ጭነት የሚያወርድ ቀጭን ጎልማሳ። «ለነፍስ ወከፍ ሁለት ስንዝር» ብሎ ወለሉን በኖራ ፍርፋሪ አስምሮታል። ሁላችንም ራሳችንን ወደ አንዱ ግድግዳ አድርገን፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን እንተኛለን።

ይህ ሕግ ሐጂን አላስተኛቸውም። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ትከሻቸው ብቻ ሦስት ስንዝር ከጋት ይሆናል። የሰው ድርሻ ላለመንካት ሲሉ ሦስት ሌሊት በሩ ሥር ተቀምጠው አነጉ። በአራተኛው ቀን እግራቸው አብጦ በጣት ሲጫኑት ይጎደጉድ ነበር።

«ሐጂ፣ እንደ ጨርቅ ጣቃ ተጠቅልለው ቢሞክሩትስ?» አላቸው ካቦው።

«ይሄ ጣቃ ተጠቅልሎም ይሄው ነው፣ ልጄ» ብለው ሳቁ።

አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ግን አልሳቁም። በድሮው ባቡር ዘመን የመንገደኛ ፉርጎ ሲሠሩና ሲጠግኑ የኖሩ አናጢ ናቸው።

«እኩልነትህ የሣጥን ነው» አሉት ካቦውን። «የዕቃ ፉርጎ ግድግዳው ቀጥ ይላል። የሰው ፉርጎ ግን ሆድ አለው። ሰው የሚሰፋው ትከሻው ላይ ስለሆነ እዚያ ጋ ወደ ውጭ ይነፋል፤ እግሩ ጋ መልሶ ይጠባል።»

«ታዲያ ይሄን ብሎኬት በምን እንንፋው፣ ጋሼ?»

«ግድግዳው እንቢ ካለ ሰዎቹን ነው ማዞር። አንዱ ራሱን ወዲህ፣ ቀጣዩ ራሱን ወዲያ። የአንዱ ትከሻ ከጎረቤቱ ቁርጭምጭሚት ጋር ይገጥማል።»

ገና በቀን ብርሃን ወለሉ ላይ ተጋድመን ሞከርነው። ከየመሐላችን ጥቂት ጥቂት ተርፎ፣ ተደማምሮ ሐጂን የሚያስተኛ ሆነ። ስሌቱን እኔ የሒሳብ መምህሩ ቀድሜ ማግኘት ነበረብኝ።

የቀረው ከሐጂ ጎን የሚተኛ ሰው ነበር። ማንም አልተነሣም። በታላቅ ሰው ፊት እግርን መዘርጋት ከመታሰርም የባሰ ነውር መሰለን። ሐጂም፣ «እኔም እግሬን ለሰው ፊት አልሰጥም፤ ተዉኝ፣ መቀመጡን ለምጄዋለሁ» አሉ። አልለመዱትም።

ካቦው ተነሣ። ከዚያ የቀኑን የመጠጥ ውሃ ድርሻውን የያዘበትን ጠርሙስ ከፈተና ጥግ ባለው ባልዲ ላይ እግሩን ታጠበ፤ ቀስ ብሎ፣ የጣቶቹን መሐል ሳይቀር። በሸሚዙ አደረቀና መጥቶ ሐጂ ፊት ቆመ።

«ሐጂ፣ ይፍቀዱልኝ።»

ሐጂ እግሩን አዩት።

«በል ና» አሉት። «ስንት ኩንታል የተሸከመ እግር ምን ነውር አለው!»

በሌላው ጎናቸው ልተኛ እኔም ታጠብሁ። ሌሎቹም ተከተሉ። ያን ቀን ሁላችንም ተጠማን፤ ሐጂ ግን ገና ሳይመሽ አንኮራፉ።

ከተፈታሁ በኋላ አንድ መሐንዲስ ወዳጄን የሰው ፉርጎ ግድግዳ እውነት ይነፋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «አንዳንዱ» አለኝ። ምናልባት የሽማግሌውን ቃል እያደር አሳምሬው ይሆናል። አሁን የከተማው ባቡር ሞልቶ በመርካቶ በኩል ሲያልፍ፣ ቆመን ትከሻ ለትከሻ ስንገፋፋ፣ መናገሩ ቢያሳፍረኝም ያ ክፍል ይናፍቀኛል።

ባለቤቴ ከመኝታ በፊት እግሬን ጣት በጣት ስታጠብ ታየኛለች።

«ዛሬ ደግሞ ማን ፊት ልትዘረጋው ነው?» ትለኛለች።

«አይታወቅም» እላታለሁ።