ገበያ ሲበተን የሚገዙት አክስቴ

አክስቴን «ቋጣሪ» ስትሏቸው የኖራችሁ ዘመዶቼ፣ ገበያ የሚወጡት ሊበተን ሲል ብቻ ለምን እንደሆነ አንዳችሁም አልጠየቃችሁም። እኔ ጠይቄያቸዋለሁ። «ቲማቲሙ ይረክስልኛል፤ ከአንበሳሜ የመጣችውም ሴት ሸክሟን ይዛ አትመለስም» አሉኝ።

በዚያ ቲማቲም ወጥ ሠርተው ሰው ሲጠሩ፣ የሚቀመጡት ማንንም ከማያውቀው እንግዳ ጎን ነበር። «እንግዳ ከምግቡ በፊት የሚያጫውተው ሰው ይርበዋል» ይሉ ነበር። ከባሌ ተፋትቼ ስመለስ፣ በየድግሳችሁ ፊት ስትነሡኝ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህን አልረሳሁም።

ከቀብራቸው መልስ፣ ከጎርጎራ የመጣች ለቀስተኛ በር ሥር ብቻዋን ቀረች። ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ከእናንተ መሀል ብድግ ያለ ሰው አላየሁም፤ ሄጄ ተቀመጥሁበት።

አሁን ደግሞ የወንድሜ ሚስት «እትዬ፣ የአርባ ተዝካራቸውን በአዳራሽ እናውጣ እንጂ! ቤታቸው ጠባብ ነው፤ ሰው ምን ይለናል?» ትለኛለች።

«እናንተ እሳቸውን ያላችሁትን ይበለና!» አልኋት።

ተዝካሩ የሚወጣው ሹም አቦ ሰፈር፣ እዚያው ጠባብ ቤታቸው ውስጥ ነው። እንግዳ ሲያስተናግዱ የኖሩት እዚያ ነው። የቤቱም ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው።