የአክስቴ እጆች በሁዲ ጀርባ ላይ

እግሬ አያርፍም። ስቀመጥ ጉልበቴ በራሱ ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ «በርዶሽ ነው?» ይለኛል፤ ያውም በከሚሴ ሙቀት። አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብቼ ሳልጨርስ ወጣሁ። መርካቶ አንድ ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ፣ ቲሸርት ላይ የሰው ሠርግና የሰው ምረቃ ሳትም ከረምኩና እሱንም ትቼ ተመለስኩ። ከሚሴ ስሆን አዲስ አበባ ያምረኛል፤ አዲስ አበባ ስሆን ደግሞ የቦርከና ወንዝ ዳር ይናፍቀኛል። የሚያናድደኝ፣ ሁለቱም ቦታ ስደርስ የመጣሁበት ነገር እዚያ አለመኖሩ ነው።

ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ናት። አዳዳ እላታለሁ፤ በእኛ አገር በኦሮምኛው የአባት እህት እንዲያ ነው የምትጠራው። አባቴ ሞቷል፤ እናቴ ደግሞ እኔ ገና ድክ ድክ ስል ሳዑዲ ሄዳ እዚያው ቀረች። አዳዳ ለእኔ እግር የምታውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፦ «ታኢ!» ተቀመጪ ማለቷ ነው። ጠዋት ከአማርኛው ጋር፣ ማታ ከቁጣው ጋር፣ እንግዳ ሲኖር በዓይኗ ብቻ «ታኢ» እንዳለችኝ አደግሁ።

ሐሙስ ሐሙስ የሰፈሩ ሴቶች እሷ ቤት ለዱዓ ይሰበሰባሉ። የምትመራው እሷ ናት። ምንጣፉ ይነጠፋል፣ ጫቱ ይቀነጠባል፣ መንዙማው ይወርዳል፤ ከዚያ መዳፎች ሁሉ ይዘረጋሉ። አንዴ ከተዘረጉ በኋላ ዱዓው ተዘግቶ፣ ፋቲሃ ተቀርቶ፣ ሁሉም ፊቱን እስኪዳብስ ድረስ የሚነሳ ሰው የለም። ሕፃን ያለቀሰባት እዚያው ታጠባለች። ወጥ ያረረባትም ይረር ብላ ትቀመጣለች። እኔ ብቻ ነበርኩ የማልችለው። አዳዳ ይህን ስለምታውቅ ጎኗ አስቀምጣኝ የቀሚሴን ጫፍ በጉልበቷ ትረግጠዋለች። እኔ ደግሞ እሷ ዓይኗን ጨፍና «ያ ረቢ» እያለች ስታረዝም፣ ቀሚሴን በጣት በጣት እየሳብኩ አወጣና ጫማዬን በእጄ ይዤ እጠፋለሁ። ሴቶቹ ያዩኛል፤ ግን በዱዓ መሃል ተነስቶ የሚይዘኝ ማን አለ?

አሁን አስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ የራሴን ሥዕል ያተምኩባቸው ሁዲ የሚባሉ ባለ ቆብ ሹራቦችና ቲሸርቶች እሸጣለሁ። መብራት ሲኖር አትማለሁ፤ መብራት ሲሄድ እኔም እሄዳለሁ። ሁዲዎቹን የሚሰፉልኝ ከጎኔ ያሉት ልብስ ሰፊ ናቸው። አባታቸው በመንግሥት ሥራ ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ክርስቲያን ናቸው፤ እሳቸው ተወልደው ያደጉት እዚህ ነው፣ ከአዳዳ ጋርም በኦሮምኛ ነው የሚቃለዱት። መጀመሪያ ወፍራሙን ጨርቅ ሳመጣላቸው በእጃቸው መዘኑና «አንቺ ልጅ፣ ይሄንን የምትሸጪው ለከሚሴ ሰው ነው ወይስ ለመንዝ በግ?» አሉኝ። ግን ተሸጠ። ወጣቱ ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ ቆቡን ደፍቶ ባጃጅ ውስጥ ይቀመጣል። ፋሽን ካለ ሙቀት የለም።

ሥዕሎቹን ቁጭ ብዬ አላገኛቸውም። በገበያ ቀን ሰንበቴ ከተማ እሄዳለሁ፤ ከብት ልገዛ አይደለም፣ ሰው ለማየት ነው። ከቆላ የመጣው አፋር ሽርጡን እንዴት እንዳገለደመ፣ ከደጋ የወረደው ጋቢውን እንዴት እንደጣለ፣ ሁለቱ በግመል ዋጋ ሲከራከሩ እጃቸው በጨርቁ ስር እንዴት እንደሚነጋገር አያለሁ። አንድ ቀን ፎቶ ሳነሳ አንድ ባለ ግመል ቀረጥ ሰብሳቢ መስዬው ግመሉን ይዞ ሸሸኝ። የጨፋ ሜዳ ማሽላ ሲያሸት የሚያወጣውን ቀይ ቡኒ ለማግኘት መርካቶ ውስጥ ያላስገለበጥኩት ጥቅል ጨርቅ የለም።

ከዚያ ደግሞ የዱዓ ቤቶቹ አሉ። መንዙማ አለ በተባለበት ተራራ ሁሉ ወጥቻለሁ። ከልብስ ሰፊው ቤተሰብ ጋር ጥምቀት ወርጄ፣ ዳር ቆሜ መዝሙር ሰምቻለሁ። ሃይማኖተኛ ነኝ ብል አዳዳ በሳቅ ትሞታለች። እውነቱ ግን የዱዓ መጀመሪያ ነፍሴ ነው። መዳፎች ሲዘረጉ ደረቴ ውስጥ አንድ የታሰረ ነገር ይፈታል፣ ደስ ይለኛል፣ ላለቅስ እደርሳለሁ። ከዚያ እግሬ ይጀምራል። ስለዚህ ብዙ የዱዓ መጀመሪያ አውቃለሁ፤ መጨረሻውን አላውቅም።

ሥዕሉ የተወለደው በአንዱ ሐሙስ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ተከፈተ ሲባል ጨርቅ ለማምጣት መርካቶ ልሄድ ተነሳሁ። አዳዳ «ዛሬን ተቀመጪ» ብላኝ ነበር። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩላት። መዳፏን ስትዘረጋ ስልኬን አውጥቼ እጆቿን ፎቶ አነሳሁና ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ሳየው ልቤ ዘለለ። የግራ እጇ ትንሿ ጣት ጠማማ ናት፤ በልጅነቷ ከበቅሎ ወድቃ በወጌሻ የታሸች። ፎቶው መዳፏ ላይ ያለውን መስመር ሁሉ ያሳያል። አጉልቼ ሳልኩት፤ ከታች ወደ ላይ የተዘረጉ ሁለት እጆች፣ የሁዲውን ጀርባ ሞልተው። ልብስ ሰፊው አይተው «እጅ ወደ ላይ የተባለ ሌባ ይመስላል» አሉ። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ የወደድኩት ሥራ አልነበረም። ቀለሙ ሳይደርቅ አለቀ። ሾፌሮች ለበሱት፣ ተማሪዎች ለበሱት። አዳዳ አስፋልቱ ጋ ስለማትወጣ አላየችውም፤ እኔም አላሳየኋትም።

ፎቶው በስልክ ሲዞር አዲስ አበባ ደረሰ። አንዲት የልብስ ሱቅ ያላት ሴት ደወለች፦ ባዛር አለ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ፣ ከወደድሽ ሱቄን ለሁለት ተካፍለን አብረን እንሥራ። ከመጠየቋ እሺ አልኩ። ይህ መንገድ እንደሌሎቹ አይደለም፤ ለመኖር ነው የምሄደው። አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረኝ፤ የአዳዳ ምርቃት።

እንደኔ ያለች ቀዥቃዣ ለምርቃት ትጨነቃለች ብሎ የሚያስብ የለም። እጨነቃለሁ። እናቴ የሄደች ዕለት አዳዳ እየመረቀቻት ሳለ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ እናቴ በመሃል ብድግ ብላ ሮጠች። አዳዳ «ሂደሽ ግቢ» የሚለው፣ በሰላም ወደ ቤትሽ ተመለሺ የሚለው ጋ አልደረሰችም ነበር። እናቴ ይኸው እስከ ዛሬ አልገባችም፤ በስልክ ነው የማውቃት። ይህን ለጓደኞቼ ሳወራ እስቃለሁ። ለብቻዬ ስሆን አልስቅም።

ረቡዕ ዕለት ካርቶን እያሰርኩ ሳለ አዳዳ ሳላስባት የተከራየኋት ክፍል በር ላይ ቆመች። የምሄድ መሆኔን ሰው ነግሯታል። ሁዲ አነሳች። ገለበጠችው። ጠማማዋን ጣት በራሷ ጠማማ ጣት ነካቻት።

«ይቺ እጅ የኔ ናት።»

«አዎ፣ አዳዳ።»

ቁጣዋን ጠበቅኩ። ከጎን የልብስ ሰፊው የስፌት መኪና ድምፁን አጠፋ። እሷ ግን ሁዲውን እያገላበጠች ፊቱን አየች፣ እጅጌውን አየች፣ ቆቡ ውስጥ ሳይቀር እጇን ከታ ፈለገች።

«መዝጊያው የታለ?»

«የምን መዝጊያ?»

«ዱዓው ተከፍቷል። የት ላይ ነው የተዘጋው?»

«አዳዳ፣ ሥዕል እኮ ነው።»

«ያ ሁሉ ወጣት ያልተዘጋ ዱዓ አዝሎ ነው ባጃጅ ለባጃጅ የሚዞረው? አስተግፊሩላህ!»

«እኔስ ሌባ ይመስላል ብያት ነበር» አሉ ልብስ ሰፊው ከግድግዳው ማዶ። አዳዳ አልሳቀችም። ካርቶኔ ላይ ቁጭ አለች።

«የትኛው ሐሙስ ነው?»

«ለጨርቅ መርካቶ የሄድኩ ለት።»

«ያን ለት ዱዓው ለማን እንደነበር ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። መጀመሪያውን ብቻ ነው የማውቀው።

«ላንቺ ነበር፣ ኢንተለ ቲያ። የዚችን ልጅ እግር አሳርፍልኝ አልኩ። ሴቱ ሁሉ አሚን አለ። ዓይኔን ስገልጥ የለሽም።»

ኢንተለ ቲያ፣ ልጄ ማለቷ ነው። ከቁጣ በኋላ ካልሆነ አትጠራኝም እንዲህ። እኔ ደግሞ ሲያመኝ የምቸኩል ሰው ነኝ።

«እንግዲህ ነገ በጠዋት ልሄድ ነው። አልደብቅሽም፣ እዚያው ልኖር ነው። አሁን እዚሁ መርቂኝና ልሂድ።»

«ያኛው ሳይዘጋ ሌላ አልከፍትም። ነገ ሐሙስ ነው። ታኢ።»

እንዲህ ያለ ሕግ የለም። በኋላ የጠየቅኳቸው ሼኽ ሁሉ ከየት አመጣችው ብለዋል። ከራሷ ነው ያመጣችው። መንገዱ እንደገና ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ነበር፤ ሐሙስ ካለፈኝ ባዛሩም፣ ሱቁም፣ ሁሉም ሊያልፈኝ ይችላል። ጮህኩባት።

«እንድቀር ስለፈለግሽ ነው!»

«አዎን፣ እንድትቀሪ እፈልጋለሁ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ማን አለኝ? ግን አሁን የምልሽ እሱን አይደለም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው የምልሽ። እናትሽ እንኳ የምትለቅመው አላገኘችም።»

ማታውን አዲስ አበባ የሚወስደኝን ሾፌር ለመንኩት። ካርቶኖቹን ጭኖ እስከ ዙሁር፣ እስከ እኩለ ቀኑ ሶላት ሊጠብቀኝ፣ ከዚያ በኋላ ግን ጥሎኝ ሊሄድ ተስማማን። ሐሙስ ገባሁና ከበሩ ርቄ፣ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጥኩ። አዳዳ መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። ጉልበቷን ጠበቅኩ። አልረገጠችኝም። እንዲያውም የቀሚሴን ጫፍ ሰብስባ ወደ እኔ መለሰችልኝ። ተረግጬ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምታገለው ነገር አገኛለሁ።

መዳፎች ተዘረጉ። ያ ደስ የሚል ነገር መጣ፤ ሄደ። ከዚያ እግሬ። አዳዳ ለጨፋ ዝናብ ለመነች፣ አሚን። ለከብቱ፣ አሚን። ለመንገዱ ሰላም፣ አሚን። አረብ አገር ላሉት ሴቶች አንድ በአንድ፣ በየእናታቸው ስም፣ አሚን። ከውጭ ጥሩምባ ተነፋ። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በሁለት እጄ እንዳልይዘው እጄ ተዘርግቷል። አሁን ብነሳ የሚይዘኝ የለም። ቀሚሴ ነፃ ነው፣ በሩ ክፍት ነው። እናቴም እንዲህ ተቀምጣ ይሄንኑ ሰምታ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ከዚህ በፊት አንድም ቀን አዝኜላት አላውቅም፣ ያን ጊዜ አዘንኩላት። ጥሩምባው ደገመ። እግሬን ከስሬ አጣጥፌ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩበት።

«ይቺ ልጅ» አለች አዳዳ።

ምን እንደምትል አውቄዋለሁ፤ አሳርፍልኝ ነው የምትለው። እሷ ስትል ደግሞ ይሰማል ብዬ እፈራለሁ።

«ያ ረቢ፣ ባለፈው እግሯን አሳርፍልኝ ብዬህ ነበር። ተወው። የኔን ፍላጎት ነው የነገርኩህ። ይሂድላት። መንገዱን ጨርቅ አድርግላት። ብቻ ሂዳ ትግባ።»

«አሚን!» አሉ ሴቶቹ። ፋቲሃው ተቀራ። ፊታችንን ዳበስን። አዳዳ የራሷን ፊት ዳበሰችና ዞር ብላ በዚያው መዳፍ የኔን ፊት ዳበሰችው፤ እንባዬን አብሮ ወሰደው። በሕይወቴ የዱዓ መጨረሻ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

«ከኢ» አለችኝ። ተነሺ። «ዴሚ።» ሂጂ።

ልነሳ ሞከርኩ። እግሬ የለም። ከስሬ ያጣጠፍኩት ሁለቱም ደንዝዞ፣ ከወገቤ በታች የሌላ ሰው አካል መሰለኝ። ተንገዳግዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጎረቤታችን «ይኸው፣ የመጀመሪያው ዱዓ ሰመረ!» አለች።

አዳዳም ሳቀች። እግሬን ጎትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በእነዚያ እጆቿ፣ ጠማማዋን ጣት እያሳለፈች ማሸት ጀመረች። ከውጭ ሾፌሩ ጥሩምባውን ይዞ አልለቅ አለ።

«ይጠብቅ» አለች።