በሊቀ መንበሩ ጓሮ ላይ ያረፈው መናፈሻ

ላሊበላ አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት ደርግ በመጣ በጥቂት ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት ለኮሚቴ ያስመረጠኝ የእጅ ጽሕፈቴ ነበር። በአንድ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ዘግይተው የመጡ ሰዎችን ስም እንድመዘግብ ታዘዝኩ። ዝርዝሩን ያዩ ሁሉ ጽሕፈቴን አደነቁ። በማግስቱ የከተማው የጥበቃና የመናፈሻ ኮሚቴ ጸሐፊ መሆኔን ከጎረቤቴ ሰማሁ።

ኮሚቴው አራት ሰው ነበር። ሊቀ መንበሩ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መለኪያ ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፣ ስብሰባም ሲመሩ አንገታቸው ላይ ነው። ከካህናቱ ወገን የተወከሉት አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ሲሆኑ፣ ከሴቶች ወገን ደግሞ ከገበያው በታች ጠላ የሚሸጡ ባልቴት ነበሩ። አራተኛዋ እኔ ነኝ። ሥራችን በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ አዲስ ቤት እንዳይሠራ፣ ወይራና ጽድ እንዳይቆረጥ፣ አጥርም ወደ መንገድ እንዳይገፋ መጠበቅ፣ ለመናፈሻ የሚሆን ችግኝም ማፍላት ነበር። ሊቀ መንበሩ ሥራቸውን ይወዱታል። የኮሚቴ አባል ናቸው ብለው ሳያዳሉ የባልቴቷን አጥር ሁለት ክንድ ወደ ውስጥ አስገብተውታል። ባልቴቷም አጥራቸውን ራሳቸው ነቅለው መልሰው አጠሩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለሊቀ መንበሩ ጠላ ሲቀዱ አተላው አብሮ ይወርድ ነበር።

አንድ ቀን ከክፍለ ሀገሩ የተጠቀለለ ካርታ መጣልን። ከወራት በፊት አንድ ባለሙያ መጥቶ ከተማውን ሲዞር ሰንብቶ ነበርና የእሱ ሥራ ነው። መንገዱ በቀይ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ በጥቁር፣ ከገበያው በላይ ደግሞ አንድ ቦታ በአረንጓዴ ተቀብቷል። ከሥሩ «የሕዝብ መናፈሻ» ይላል። በሁለት ወር ውስጥ ተዘጋጅቶ እንግዳ መጥቶ ያየዋል የሚል ደብዳቤም አብሮት ነበር።

ሊቀ መንበሩ ቦታው የት እንደሚውል ሳያዩ ሕዝቡን ሰበሰቡ። ፕላን ማለት ሕግ ማለት እንደሆነ አስረዱ። አረንጓዴው የደረሰበት ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዘመድ ሳይጠራና ሽማግሌ ሳይልክ ቦታውን ይለቃል አሉ። ተጨበጨበ። በማግስቱ ጠዋት ለመለካት ወጣን።

መነሻችን ገበያው ጥግ ያለው ትልቁ ወይራ ነበር፤ ካርታው ላይም ተመልክቷል። እኔ በማስመሪያ ከካርታው ላይ እያነበብኩ ወደ ሜትር እለውጣለሁ። ሊቀ መንበሩ አንድ ሜትር ተኩል በሆነችው የልብስ መለኪያቸው ጎንበስ ቀና እያሉ መሬቱን ይለካሉ። መሪጌታ በመቁጠሪያቸው ይቆጥራሉ። ባልቴቷ ዘንጋቸውን ይዘው ይከተላሉ። ዳገቱን እየለካን ወጣን፣ ወደ ቀኝ ታጠፍን፣ አንድ የድንጋይ ካብ አለፍን። ከዚያ ሜትሩ በሊቀ መንበሩ በር ገባ።

ሊቀ መንበሩ ቆጠራው ተሳስቷል አሉ። ወይራው ድረስ ወርደን እንደገና ጀመርን። ሜትሩ እንደገና በዚያው በር ገባ። ሦስተኛ ጊዜ ስንመጣ ሚስታቸው ከቤት ወጥተው፣ ለማን ልብስ ሊሰፋ ነው ጓሮው የሚለካው ብለው ጠየቁ።

ሊቀ መንበሩ ካርታውን ከእጄ ወስደው ድንጋይ ላይ ዘረጉት። አገላብጠው አዩት፣ በመጨረሻም ግልብጥ አድርገው አዙረው፣ የተሳሳትነው እንዲህ ሳንይዘው ስለለካን ነው አሉ። እንዲህ ከተያዘ አረንጓዴው ከገበያው በታች፣ በትክክል ባልቴቷ ቤት ላይ ይውላል። እኔ የማደርገው ጠፋኝ። በዚያ ዘመን ሊቀ መንበር ተሳስቷል ማለት ቀላል ነገር አልነበረም።

ባልቴቷ ካርታው ላይ ጎንበስ አሉ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ። «እግሩን ወደ ሰማይ የሰቀለ ፊደል ግን አውቃለሁ።»

መሪጌታ መቁጠሪያቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «ካርታው ቢዞር አገሩ አይዞርም፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

ሊቀ መንበሩ ድንጋዩ ላይ፣ ካርታው አጠገብ ተቀመጡ። ላባቸውን በሜትራቸው ጫፍ ሲጠርጉ ሳይ አሳዘኑኝ። ባልቴቷ ቂማቸውን የሚወጡበት ቀን የደረሰ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አጠገባቸው ቁጢጥ ብለው፣ «እኔን አጥርሽን ሳቢ ሲሉኝ ስቤያለሁ። እርስዎም ይሳቡ። ቤትዎን ማን ንካ አለዎት? ጓሮዎን ይልቀቁ» አሏቸው። ካርታውን አቃንቼ አየሁት። እውነትም አረንጓዴው የቤቱን ግድግዳ ቢነካ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚወስደው ጓሮውን ብቻ ነበር። እዚያው ቆመን ወሰንን፣ እኔም ጻፍኩ።

ከባዱ ለሚስታቸው መንገር ነበር። ሊቀ መንበሩ ይህ የኮሚቴው እንጂ የግል ጉዳያቸው እንዳልሆነ ገልጸው መሪጌታን ላኩ። መሪጌታ ከሚስትየው ጋር ብዙ ቆይተው ወጡ። ሴትየዋ አጥሩ ይፍረስ ብለዋል፣ ሕዝቡም ይግባ፤ ነገር ግን ከተከሉት ጌሾ፣ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት አንዲት ቅጠል እንዳትቀጠፍ። በዚህ ተስማማን፤ ሌላ አማራጭም አልነበረንም። ከቀይ ድንጋይ ሁለት መቀመጫ አሠራን። «የሕዝብ መናፈሻ» የሚለውን ሰሌዳ እኔ ጻፍኩት። በጎመኑና በነጭ ሽንኩርቱ መካከል መሄጃ መንገድ ወጣ። ከአሸተን ማርያም የሚወርዱ ሰዎች ጉልበታቸውን ለማሳረፍ እዚያ መቀመጥ ጀመሩ። ሚስትየው ከበራቸው ሆነው ይጠብቃሉ፤ ቆየት ያለውን እንግዳ በከንቱ ከሚቀመጥ አረም እንዲነቅል ያዙታል። ተሳላሚው ሁሉ እየሳቀ ያርም ነበር።

እንግዳው በቀጠሮው ቀን በላንድሮቨር መጡ። መነጽር ያደረጉ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ሰሌዳውን አነበቡ፣ መቀመጫውን በእጃቸው መቱት። ከዚያ ከጌሾው ፊት ቆመው አንድ ቅጠል በጣታቸው አሹና አሸተቱ። ሚስትየው ከበራቸው ሁለት እርምጃ ወደፊት መጡ።

«ይህ ጌሾ አይደለም እንዴ?» አሉ እንግዳው።

ሊቀ መንበሩ መለኪያቸውን ጥብቅ አድርገው ያዙት። መሪጌታ ነበሩ የመለሱት። «ጌሾ ነው፣ ጌታዬ። በእኛ አገር ያለ ጌሾ የሚናፈስ ሰው የለም።»

እንግዳው መሪጌታን ትኩር ብለው አዩአቸው። ሊቆጡ ነው ብዬ እስክሪብቶዬን ደበቅሁ፤ ለምን እንደደበቅሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያለቅሱ ሳቁ። የተተከለው ሲታይ የፈላውም ይታይ እንጂ አሉና ወደ ባልቴቷ ቤት ወረድን። ባልቴቷ ያን ቀን ለሊቀ መንበሩም ጥሩ አድርገው የጠለለውን ቀዱላቸው። ፍየል የጨረሰውን የችግኝ ጣቢያችንን የጠየቀን ሰው አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰን፤ በአገር በቀል ተክል በመጠቀማችን ተመስግነናል። ሊቀ መንበሩም ከዚያ ወዲህ አጥር ሳቡ ብለው ደብዳቤ አይልኩም፤ ራሳቸው ዶማ ይዘው ሄደው አብረው ይቆፍራሉ።

እኔ ወደ ሌላ ከተማ ከመዛወሬ በፊት የኮሚቴው የመጨረሻ አጀንዳ የስፌት መኪና ነበር። ሊቀ መንበሩ ብርሃኑ ይሻላል ብለው የስፌት መኪናቸውን ወደ መናፈሻው አውጥተዋል። በሕዝብ ቦታ የግል ሥራ ይፈቀዳል ወይ በሚለው ላይ ሦስት ጊዜ ተሰብስበን ተከራከርን። ሊቀ መንበሩ ጉዳዩ እሳቸውን ስለሚመለከት በየጊዜው ውጭ ወጥተው፣ እዚያው መናፈሻው ውስጥ እየሰፉ ይጠብቁናል። በሦስተኛው መሪጌታ ይፈቀድ አሉና ሁላችንም ተስማማን። በዚያ ሳምንት መኪናው ላይ የነበረው የመሪጌታ ቀሚስ መሆኑን ግን ቃለ ጉባኤው ላይ አላሰፈርኩም።