ፈረሰኛውን ማን በላው?

በእኛ ቤት ዶሮ ሲታረድ ብልቱ አሥራ ሁለት ነው። አሥራ አንድ ከሆነ ዶሮ አይባልም፤ አሥራ ሦስት ከሆነ ደግሞ የሠራችው ሴት ባለሙያ አይደለችም። እያንዳንዱ ብልት ባለቤት አለው። ከደረቱ የሚወጣው ፈረሰኛ የአባወራው ነው፤ መላላጫው የእንግዳ፤ ክንፉ የእኔ። እናቴ አንገቱን ትበላለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት «አንገት ስለምወድ ነው» ትለኝ ነበር፤ እኔም አምኛት ኖርኩ። ደብረ ታቦር ውስጥ ይህን ሕግ የማያውቅ ጣልያን ብቻ ነበር። አሁን የምጽፈውም ይኸው ሕግ አባቴን ሊያስገድለው ስለደረሰበት ቀን ነው።

አባቴ ጣልያን እንደገባ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገብቷል። ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ቤታችን ለእናቴና ለእኔ ቀርቷል። እኔ ያኔ የወተት ጥርሴን የምነቅል ሴት ልጅ ነኝ። አባቴ በዱር ምን እንደሚበላ አናውቅም፤ እናቴን ከጥይቱ ይልቅ የሚያስጨንቃት ይህ ይመስለኝ ነበር። ታዲያ በአንዱ ፋሲካ ማግስት፣ ረፋዱ ላይ፣ ጋቢ ተከናንቦ እንደ አሮጊት አጎንብሶ በጓሮ በር ገባ። እናቴ ስሞ ሰላም እስኪላት እንኳ አልጠበቀችም። «እጅዎን ይታጠቡ» አለችው። ገና ካልተነካው የዶሮ ድስት ፈረሰኛውን አውጥታ፣ በእንጀራ ጠቅልላ እጁ ላይ ከማኖሯ ውሻችን ጮኸ።

የመጣው ባንዳ ነው። ባንዳ ስል ከሌላ አገር የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ የአባቴ የአክስት ልጅ ነው፤ ስንት ፋሲካ በእኛ ገበታ መላላጫ የበላ ሰው። አሁን ጣልያን ካኪ አልብሶት፣ አባቴን አስይዛለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። አንድ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ጣልያን ወታደርም ጠመንጃ አንግቶ ከኋላው ይከተለዋል።

አባቴ የሚገባበት አጣ። ከመደቡ አጠገብ ከጭቃና ከእበት የተሠራ ትልቅ የእህል ጎታ ነበረን፤ በዚያ ወር ባዶውን ነው። ያ ረጅም ሰውዬ እንደምንም ተጣጥፎ ከነፈረሰኛው ጎታው ውስጥ ገባ። እናቴ ከላይ ሰፌድ ከደነችበት።

«እንኳን አደረሳችሁ!» አለ ባንዳው፣ ባሏን ሊያስገድል መጥቶ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች እናቴ። ምን ትበል? ዘመን ቢከፋም ፋሲካ ፋሲካ ነው። ገበታ ቀረበ። ቤት መፈተሹ ከምግብ በኋላ ይደረስበታል ተባለና ሁለቱም ተቀመጡ፤ ጣልያኑ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመ።

እናቴ ለባንዳው መላላጫውን አወጣችለት። እሱ ግን እጁን አልዘረጋም። አባወራ በሌለበት ቤት ፈረሰኛው ለታላቁ ወንድ እንግዳ እንደሚወጣ ያውቃል። ድስቱን አየ፤ እናቴን አየ።

«ፈረሰኛውስ?»

«ይብሉ እንጂ፤ ይቀዘቅዛል።»

«አንች፣ ፈረሰኛው የት አለ?»

ጭልፋውን ከእጇ ነጠቃት። ብልቱን አንድ በአንድ እያወጣ በእንጀራው ዙሪያ ደረደረው። ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ አርበኛ ሊይዝ የመጣ ሰው ተቀምጦ ዶሮ ይገጣጥማል። ጣልያኑ ድስቱ ውስጥ ቦምብ የሚፈለግ መስሎት ነው መሰለኝ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ባንዳው ደርድሮ ሲጨርስ እጁን ጠረገ።

«አሥራ አንድ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ፈረሰኛ ያለ ባለቤቱ ከድስት አይወጣም። ባለቤቱ እዚሁ ነው።»

በሚያውቃት ጥቂት ጣልያንኛ ለወታደሩ ነገረው። ወታደሩ ጠመንጃውን አነሳ። እኔ ጎታውን ላለማየት ጣራ ጣራውን አያለሁ። እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እኔ ነኝ የበላሁት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«በላሁት። ቤቱን ጥሎ ዱር ለዱር ለሚዞር ሰው ፈረሰኛ ላስቀምጥለት ኑሯል? አሁን የዚህ ቤት አባወራ እኔ ነኝ። ድስቱ ሳይወርድ በላሁት፤ ጣፍጦኛልም።»

ይህን ጊዜ ጎታው አሳለ።

አባቴ ስንት ጥይት አምልጦ ፈረሰኛ አንቆት ሊሞት ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እኔም ደረቴን ይዤ ማሳል ጀመርኩ። ጎታው ሲያስል አስላለሁ፤ ጎታው ሲያርፍ አርፋለሁ። እንባዬ እስኪወርድ ሳልኩ። ጣልያኑ አዘነልኝና ከኪሱ ነጭ ኪኒን አውጥቶ አፌ ውስጥ ጨመረው፤ ከሬት የመረረ ነበር። ለአባቴ ሳል መድኃኒቱን የዋጥኩት እኔ ነኝ፤ ደግነቱ ተሻለው።

ባንዳው ሳሉንም ኪኒኑንም ልብ አላለም። ፊቱ ዐመድ መስሏል። «ባልሽ በሕይወት እያለ… የወንድሜን ፈረሰኛ…» እያለ ይንተባተባል። ሊያስገድለው የመጣው ሰው፣ ብልቱ ተበላበት ብሎ ተቆረቆረለት! ወታደሩ ምን እንደተባለ ሲጠይቀው በአፉም በእጁም አስረዳው። ወታደሩ ዶሮዋ የማን እንደሆነች ጠየቀ መሰለኝ፣ ባንዳው ወደ እናቴ ጠቆመ። ያም ትከሻውን ነቀነቀና የባንዳውን መላላጫ አንስቶ ይበላ ጀመር።

ባንዳው እህል ሳይቀምስ ወጣ። ቤቱንም አልፈተሸም። አንዲት ሴት እንዲህ ያለውን ነውር ሳትሠራ ሠራሁ ትላለች ብሎ ማሰብ አልቻለም።

ከዚያ በኋላ እናቴ በአገሩ ሁሉ ፈረሰኛ የበላችው ሴትዮ ሆነች። የምትጠጣበት ማኅበር ተራዋን ዘለላት። እርሾ ልትዋስ ስትሄድ በሁሉም ቤት እርሾ አልቋል። ውኃ ስንወርድ ሴቶቹ መንገድ ይለቁልናል፣ ለክብራችን ግን አልነበረም። የአባቴ እህት ከአንበሳሜ ድረስ በእግሯ መጥታ፣ ደጃፋችን ላይ ቆማ «የወንድሜን ፈረሰኛ! የወንድሜን ፈረሰኛ!» እያለች እንደ ሞተ ሰው አለቀሰችለት። መንደሩም ወጥቶ አስተዛዘናት። እናቴ በሩን ተደግፋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። እውነቱን ለአንድ ሰው ብትነግር ለገበያ መንገር ነው፤ ያኔ ባንዳው ተመልሶ ይመጣል። አንጀቴ እርር ብሎ አንድ ቀን «ልናገር ነው!» አልኳት።

«እኔን ቢሰድቡኝ ምን ሆንሁ?» አለችኝ ጉንጬን ይዛ። «አባትሽን እንዳትገድይብኝ።»

ጣልያን ወጣና አባቴ በፊት ለፊቱ በር ገባ። ዶሮ ታረደ። አክስቴም መጣች፤ እናቴን ግን ሰላም አላለቻትም። ባንዳውም፣ ጉድ በሉ፣ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ አግኝቶ፣ የለመደው ቦታ ላይ ተቀምጦ መላላጫውን ይጠብቃል። እናቴ እንደ ወጉ ፈረሰኛውን ለአባቴ አወጣችለት። እሱ ግን በእንጀራ ጠቀለለና ሁሉም እያየ ወደ አፏ ዘረጋው።

«ኧረ ይተዉ! ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ብሏል» አለ አባቴ። «እኔ እዚያ ጎታ ውስጥ ሁኘ በበላሁት አንች ስትሰደቢ ኖረሻል። በይ ቅመሽው።»

አክስቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ባንዳው ጎታውን ዞር ብሎ አየና አቀረቀረ።

እናቴ ጎረሰች። ያን ሁሉ ዘመን የተሰደበችበትን ነገር በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀምስ እያየሁ አለቀስኩ። እሷ ግን ቀስ ብላ ታላምጣለች። ማንም እጁን ወደ ገበታው አልሰደደም፤ ሁላችንም አፍ አፏን እናያለን።

ዋጠችና ውኃ ለመነች።

«ደረቅ ነው» አለች። «ለዚህ ነው እንዴ? በሉ አንገቱን ስጡኝ።»